አካፋ የጨበጠችው ሙሽራ

ያለፈውን ክፍል ያላነበበ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ አለ ብዬ አላምንም። ድንገት ከሌላ አገር የመጣ ካለ ግን በር ላይ አላቆመውም፣ ይግባ። ሣህሉና ቢላን ይዋደዳሉ። ሣህሉ የባቡሩ ወርክሾፕ ድራፍትማን፣ ማለት ንድፍ አንሺ፣ ለእናቱ ለወይዘሮ ሰርካዲስ የቀራቸው አንድ ልጅ ነው፤ ታላቁ በምሥራቁ ጦርነት ጊዜ ዘምቶ አልተመለሰም። ቢላን የመጋላ ሰፈሩ ጨርቅ ነጋዴ የአዴር ሮብሌ ልጅ ናት። "አዴር" በሶማልኛ አጎቴ እንደ ማለት ነው፤ እኛ ድሬዎች የምናከብረውን ሶማሌ ሁሉ እንዲያ እንጠራዋለን። የአዴር ሮብሌ ወንድም ደግሞ በዚያው ጦርነት ማግስት "ለጥያቄ ትፈለጋለህ" ተብለው እንደ ወጡ ቀሩ። ሁለቱ ቤቶች በደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ማዶና ማዶ ሆነው፣ አንዱ የሌላውን ሰላምታ እየዋጠ፣ የየሟቾቻቸውን ጉዳይ በእነዚህ በሁለት ልጆች ላይ ጭነው ይኖሩ ነበር።

ወይዘሮ ሰርካዲስ ስለ ቢላን ሲነገራቸው የመለሱት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ከእጇ ውሃ አልጠጣም" አሉ፤ ሲሉም አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፣ የጠጡ ይመስል። አዴር ሮብሌ ግን ጅቡቲ ላለችው እህታቸው ላኩባት፤ እሷም ለቢላን ባል አገኘች። ወደዚያ የሚወስዳት ባቡር ማክሰኞ ነው። የእኛ የሥዕል ኤግዚቢሽን ደግሞ ከዚያ በፊት እሑድ።

ቢላን ለሣህሉ የላከችውን ቁራጭ ደብዳቤ ባለፈው አንብቤላችኋለሁ፤ ዛሬም እደግመዋለሁ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በመቶ ዓመት አንዴ ነው የሚጻፈው። "ሁልጊዜ ተደብቀህ ነው የምታየኝ። ፊቴን በሰው ፊት ካቆምክ፣ እኔም በሰው ፊት ከጎንህ እቆማለሁ። ካላቆምክ ባቡሩ አለ።"

ሣህሉ ይህን ካነበበ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር።

እኔ ተሰማ ነኝ። ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ ኬላ ድረስ እኔ ያልቀባሁት የሱቅ በር፣ እኔ ያልጻፍኩበት የጭነት መኪና ግንባር የለም። በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. የድሬዳዋ ሠዓሊዎችን የቡድን ኤግዚቢሽን ከጭንቅላቴ ያፈለቅሁት እኔ ነኝ፤ "ፍቅርና ሰብዓዊነት" ብዬ ርእሱን ያወጣሁትም እኔ። ፓሪስ ራሷ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። እርግጥ ሁላችንም ሠዓሊዎች፣ ሣህሉም ጭምር፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንበቃ ነበር። ቢሆንም ትልቅ ጠረጴዛ ነበር።

ችግሩ ሸራ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ከአዴር ሮብሌ ሱቅ አቡጀዲ ገዛን። አቡጀዲ ቀለም ይጠጣል፤ እንዳይጠጣ አስቀድሞ ሙጫ መቀባት አለበት፤ ሙጫ ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። ጓደኞቼ አቀርቅረው ሲቀመጡ እኔ ተነሣሁ። ከቄራ የቆዳ ቁርጥራጭ በጆንያ አስመጣሁና በበርሜል ቀቀልኩት። እውነት ለመናገር ሙጫው እንደ ብረት ያዘ። በሦስተኛው ቀን ግን የድሬ ሙቀት ገባበትና መበስበስ ጀመረ። እንዲህ ያለ ሽታ በአፍሪካ ምድር ሌላ ሰው አምርቶ አያውቅም። የሞተ ግመል በአዳራሹ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ነበር የሚመስለው። ዝንቡ ከመልካ ጀብዱ ድረስ በሰልፍ መጣ። ኤግዚቢሽኑን ወዳዘጋጀንበት ወደ ከዚራ ሰፈሩ የቀበሌ አዳራሽ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ አፍንጫውን ይይዛል፣ ቀጥሎ ፍቅርና ሰብዓዊነትን ያያል።

ከሙጫው የባሰ የሚሸት ግን አንድ ነገር ነበር፤ ጓድ ማዘንጊያ። ሥዕሎቹን እንዲያርም የተመደበብን ካድሬ ነው። አንድ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ በሌላው መሐረብ አፍንጫው ላይ ደቅኖ፣ ከሥዕል ሥዕል እየተራመደ "ይህ የየትኛው መደብ ፍቅር ነው?" ይላል። መልስ አይጠብቅም፤ የጭስ ማውጫ ጨምር፣ ቡጢ ጨምር ብሎ ያልፋል። አንዲት እናት ልጇን የምታጠባበት ሥዕል ነበር፤ ጡት ላይ ያለው ጨቅላ ቡጢ እንዲጨብጥ ተደረገ። የእኔ ሥዕል ከሁሉም ትልቅ፣ ከግድግዳውም የሚተርፍ ነበር፤ ዓለምን በክንዶቿ ያቀፈች ሴት። ዓለሙን ቀይ አድርገው አለኝ። አደረግሁት። ቲማቲም የታቀፈች ሴት ሆና ቀረች። ዛሬም ሳስታውሳት ምራቄ ይመርራል።

በመጨረሻ ጓድ ማዘንጊያ በሣህሉ ሥዕል ፊት ቆመ። ቢላን ናት፤ ከወገቧ በላይ፣ ትንሽ ዞር ብላ፣ ፀጉሯ ላይ ስስ ጥቁር ሻሽ አስራለች። ሻሹ ፊቷን እንደ ፍሬም ይዞታል። አንድ እጇ ወደ ፊት ወጥቶ ተከፍቷል። ዓይኖቿ ደግሞ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ አንድ ሰው በር ላይ ሲደርስ አይታው ዞር ማለት ያቃታት ሴት ዓይኖች ናቸው። እኔ በዕድሜዬ አሥር ሺህ ፊት ስያለሁ፤ እንዲህ የሚያይ አንድም የለኝም።

ጓድ ማዘንጊያ ረጅም ጊዜ አየና "ሥራዋ ምንድነው? እጇ ባዶ ነው። አካፋ አስይዛት" አለ።

ሣህሉ ወደ እኔ ዞረ። እምቢ ቢል ሥዕሉ ይወርዳል፤ ሥዕሉ ከወረደ ቢላን ማክሰኞ ትሄዳለች። አካፋው ፊቷን አይሸፍንም፣ ስጣት አልኩት በጆሮው። ብሩሹን አነሣና በዚያ በተከፈተው እጅ ላይ የአካፋ እጀታ ሣለ። ፊቷ ይኑርልኝ እንጂ ሌላው ምን ገዶኝ እያለ ሲያጉረመርም ይሰማኝ ነበር። ጓድ ማዘንጊያ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ሁለታችንም ዝንብ የዋጠ ሰው መስለን ቆመን ቀረን።

ይህ ሥዕል ከየት እንደ መጣ ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። አቡጀዲውን ልንገዛ የሄድን ዕለት ነው። እኔ ውጭ ከጋሪው ባለቤት ጋር ስከራከር ሣህሉ ወደ ሱቁ ገባ። አዴር ሮብሌ ለሶላት ወጥተው ነበር። ቢላን ብቻዋን፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ግድግዳው ላይ ባለው መስታወት ፊት ቆማለች። ከመደርደሪያው ያወረደችውን ጥቁር ሻሽ ፀጉሯ ላይ አስራ ራሷን እያየች ነው። ሣህሉን በመስታወቱ ውስጥ አየችው። አልዞረችም። ሻሹንም አልፈታችም። ዓይኗን ሳትነቅል አየችው፤ እሱም እንዲሁ፤ በመሐላቸው መስታወት ብቻ።

ሣህሉ ያን ዕይታ ነው ይዞ ወጥቶ በአቡጀዲ ላይ ያሳረፈው። ሥዕሉን ሳይ የሻሹን ጥቁረት አድምቀው ብዬ ያስደመቅሁትም እኔ ነኝ። ሰባት ቋንቋ እናገራለሁ፣ ሶማልኛን ከሶማሌ በላይ እችላለሁ፣ መጋላን እንደ እጄ መዳፍ አውቃለሁ። ግን ሻሽ በእኛ ቤት ምንድነው? ፀጉር ሳይሠራ ሲቀር፣ ፀሐይ ሲከር የሚታሰር ነገር። ከዚህ ያለፈ አላሰብኩም።

እሱማ ምስኪን ከዓይኖቿ በቀር ምንም ያሰበ አይመስለኝም።

እሑድ ደረሰ። ግማሽ ሚሊዮን ሰው መጣ ብል ጠላቶቼ ሊከራከሩኝ ይችላሉ፤ አዳራሹ ግን እግር መጣያ አልነበረውም። የመጋላ ሰው ደግሞ ከሁሉም በለጠ። አንዷ ታያለች፣ አፏን በእጇ ትይዛለች፣ ወጥታ ሌላዋን ይዛ ትመጣለች። ሁሉም የሣህሉ ሥዕል ጋ ይከማቻሉ። ዳሃቦ የምትባል የግመል ወተት ሻጭ የሣህሉን እጅ በሁለት እጇ ይዛ "መብሩክ፣ መብሩክ" አለችው፤ እንኳን ደስ ያለህ ማለቷ ነው። እሱም ስለ ሥዕሉ መስሎት አመሰገናት። ከኋላዋ ያሉትም መብሩክ አሉ፤ እንዲሁ አመሰገነ። እኔም "ሥራው የሁላችንም ነው" ብዬ ድርሻዬን ተቀበልኩ። አንድ ሽማግሌ ዓይኔን አተኩረው አዩኝና እየተጸየፉ ሄዱ። ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ወይዘሮ ሰርካዲስም መጥተው ነበር። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አጥብቀው፣ ግድግዳው ጥግ ቆመው፣ የልጃቸውን ሥራ በሩቁ ያያሉ። የማን ፊት እንደ ሆነ ማንም አልነገራቸውም፤ ግን ገብቷቸዋል። ነጠላው ለሽታው ይሁን ለሥዕሉ ከዓይናቸው መለየት አይቻልም ነበር።

ከዚያ አዴር ሮብሌ ገቡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ነጭ ሽርጣቸውን እንደ ለበሱ፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቀጥ ብለው ሥዕሉ ፊት ሄዱ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሡ ሣህሉን ጠየቁት።

"ልጄን መቼ ነው ያገባሃት?"

ሣህሉ እኔን አየኝ። እኔም ቲማቲሜን አየሁ።

"አላገባኋትም፣ አዴር።"

"ታዲያ ይሄ ምንድነው?" ከዘራቸውን አነሡና ወደ ሻሹ አመለከቱ።

እዚያው ሰው ሁሉ ፊት፣ በዚያ በተሰባበረ ግን አንጀት በሚቆርጥ አማርኛቸው ነገሩን። በእነሱ ዘንድ ልጃገረድ ፀጉሯን ተጎንጉና ነው የምትሄደው። ይህን ጥቁር ሻሽ የምታስረው ካገባች በኋላ ነው፤ ሻሽ ያሰረች ሴት ባለቤት አላት ማለት ነው። የሣላትም ሰው እንዲያ አድርጎ የሚያያት ባሏ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሱቃቸው ድረስ እየመጣ መብሩክ እያላቸው ነበር። የማያውቁትን ሠርግ።

ሰባት ቋንቋ የማውቀው እኔ አንድ ክንድ ጨርቅ ማንበብ አቃተኝ። የሚያስጠላው ግን የእኔ አለማወቅ አልነበረም፤ ሕዝቡ ነበር። አፍንጫውን ይዞ ሊወጣ በር ላይ የደረሰው ሁሉ ተመልሶ ገባ። ሽታው ተረሳ። አንገቱን አስግጎ፣ ጫቱን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያዛወረ፣ የአንድ አባት ውርደት እንዳያመልጠው ተጠጋ። ጓድ ማዘንጊያ ደግሞ ፊቱ በራ። ነገሩ የብሔረሰቦችን እኩልነት የሚነካ መሆኑን አስታወቀና፣ መፍትሔው ቀላል ነው፣ ሻሹን አጥፍተህ የፋብሪካ ቆብ አልብሳት ብሎ ሣህሉን አዘዘው።

ሣህሉ ብሩሹን አነሣ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። እኔ ልቡን አውቃለሁ፤ በዚያች ደቂቃ የሚያስበው ስሟን ማዳን ብቻ ነው። ግን ልብ ከሩቅ አይታይም፤ የሚሰማው አፍ ነው። ሰው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ ተናገረ።

"ይህች ቢላን አይደለችም። ከሐሳቤ የሣልኳት ናት። ቢላን የምትባል ልጅ አላውቅም።"

በሩ ላይ ቢላን ቆማ ነበር።

ፀጉሯ እንደ ልጃገረድ ተጎንጉኖ፣ የአጎቷን ልጅ ፋርሒያን ይዛ፣ ቃሏን ልትፈጽም የመጣች። የሰማችውን ሰማች። ፋርሒያ ክንዷን ስትጎትታት አስለቀቀቻትና በሰው መሐል መጣች። ሣህሉን አላየችውም። መጀመሪያ ፊቷን አየች፣ የተሣለውን። ያን ጊዜ ዓይኗ ለአፍታ ላላ። ከዚያ ወደ ታች ወረደ፤ እጇ ላይ ሲደርስ፣ ከምትበላው ምግብ ውስጥ ፀጉር እንዳገኘች ሴት ሆነ ፊቷ።

"ይሄ ምንድነው?"

"አካፋ ነው" አላት ሣህሉ።

"ፊቴን አቁም አልኩህ እንጂ አካፋ ስጠኝ አልኩህ?"

አንድ ሰው ሳቀ፤ ብቻውን መሳቁን ሲያውቅ አቋረጠ። ቢላን ብሩሹን በያዘው እጁ ላይ ዓይኗን ተከለች።

"ሳትነግረኝ አገባኸኝ። አሁን ደግሞ ሳትነግረኝ ልትፈታኝ ነው?"

"ስምሽን ላተርፍ ብዬ ነው፣ ቢላን።"

"ቢላን የምትባል አታውቅም አይደል? የማንን ስም ነው የምታተርፈው?"

እኔ በሕይወቴ ሦስት ጊዜ በጥይት ተመትቻለሁ፤ አንዱም እንደዚያ ዘልቆ አልገባኝም። እሱ ደግሞ ቆሞ ተቀበለው። ብሩሹ ጫፍ ላይ ያለው ቀለም እየተንጠባጠበ ጫማው ላይ ይወርዳል። ቢላን የሚመልሰውን ጠብቃ ነበር። ሲቀር ፊቷን አዞረች፤ የተጸየፈችው ግን ይቅር ልትለው የምትፈልገውን ሰው እንደ ሆነ ከትከሻዋ ይነበብ ነበር።

ወደ አባቷ ዞረችና በሶማልኛ ተናገረች፤ ቀስ ብላ፣ የመጋላ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። እዚህ ላይ የእኔ ሶማልኛ ጠቀመ። ይህ ልጅ ያልነበረ ነገር አልሣለም አለች። ሻሹን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ በሱቃችን፣ በመስታወቱ ፊት፤ ባገባ ምን እንደምመስል ለማየት። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልነካኝም። ከዚያ እሱ ገባ። በመስታወቱ አየሁት። መፍታት ነበረብኝ፣ አልፈታሁትም። እሱ ምን እንዳየ አላወቀም፤ እኔ ግን ለማን እንዳሰርኩት አውቅ ነበር።

አንዲት ሴት ይህን በአባቷ ፊት፣ በሰፈሯ ፊት፣ በአንድ ካድሬ ፊት፣ በዚያ ሽታ ውስጥ ቆማ ተናገረች። ዳሃቦ መሬት መሬት ታይ ጀመር። መብሩክ ያሉት ሁሉ መሬት መሬት አዩ።

የአዴር ሮብሌ ዓይን ከልጃቸው ተነሥቶ በአዳራሹ ዞረ፤ በሕዝቡ ላይ፣ ቡጢ በጨበጠው ጨቅላ ላይ፣ በእኔ ቲማቲም ላይ። በደረሰበት ሁሉ የሚታይበት ጥላቻ አንድ ነበር። ተመልሶ አካፋው ላይ አረፈና ቆመ።

"ይሄ አካፋ የማነው?"

"የሰፊው ሕዝብ ነው" አለ ጓድ ማዘንጊያ።

"እንግዲያው ለሰፊው ሕዝብ መልሱለት።" ከዘራቸውን ወደ ሣህሉ አዞሩ። "ሻሹን ተወው። አካፋውን አጥፋ።"

ጓድ ማዘንጊያ ሁለት እርምጃ ቀረበ። "ጓድ ሣህሉ፣ ወርክሾፕ ነው አይደል የምትሠራው?" አለ። ጥያቄ አልነበረም።

ቢላን አሁን ሣህሉን አየችው፤ ከገባች ወዲህ ገና ዓይን ለዓይን። በዚያ ዕይታ ውስጥ ይቅርታ አልነበረም። መጠበቅ ግን ነበር። ሣህሉ ብሩሹን በአፈር መልክ ቀለም ነከረና የአካፋውን ብረት አጠፋ። ከዚያ እጀታውን ከታች ወደ ላይ፣ ቀስ እያለ። ጣቶቿ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ተጠጋ።

"እጄን እንዳታጠፋው" አለችው፤ ከቅርብ።

ሳትጠራ፣ ሳትለመን፣ ከጎኑ ቆማ ነበር። ደብዳቤዋ ላይ እንዳለችው፣ በሰው ፊት።

ጓድ ማዘንጊያ ነገ ወርክሾፕ እንገናኛለን ብሎ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ደቅኖ ወጣ። አዴር ሮብሌም ለመውጣት ዞሩ። በሣህሉ አጠገብ ሲያልፉ ሳያዩት፣ ሽበት ያላቸውን ሰዎች ወደ ቤቴ ላክ አሉት፤ እኔ ደረቴን ስነፋ አዩኝ መሰለኝ፣ "ቆዳ የማይሸቱትን" ብለው ጨመሩ። ለመስማት እንጂ ለመስጠት አላልኩም አሉ። የማክሰኞው ባቡር ግን በቢላን ቦታ ሌላ ሰው ይጭናል።

ከድሬዳዋ ሽማግሌዎች ሁሉ አንደኛው እኔ ነበርኩ፤ ይህንንም ክብር ሽታው ወሰደብኝ።

ሰው እየተበተነ ሳለ ሣህሉ አሁንም ሥዕሉ ፊት ነበር። አካፋው ሲጠፋ በሥዕሉ ላይ ያለው እጇ ባዶውን ቀርቷል፤ ጣቶቿ ተከፍተው፣ ወደ ፊት ወጥተው፣ ለሆነ ሰው የሆነ ነገር እንደሚያቀብሉ። ምን ላስይዝሽ ብሎ በቀስታ ጠየቃት። ቢላን ከትከሻው አልፋ ወደ ግድግዳው ጥግ አየች።

ወይዘሮ ሰርካዲስ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ዓይናቸው በዚያች ባዶ እጅ ላይ ነበር። ውሃ አልጠጣባትም ያሏት እጅ ናት። ከዚያ ልጅቷን አዩ፤ እውነተኛዋን፣ ላቧ በግንባሯ የሚወርደውን፣ ፀጉሯ ተጎንጉኖ ራሷን ቀና ያደረገችውን። አፍንጫቸውን የያዘው ነጠላ ከጠዋት ጀምሮ አልወረደም ነበር። ጣታቸው ላላ። ነጠላው ቀስ ብሎ አገጫቸው ላይ፣ ከዚያ ትከሻቸው ላይ ወደቀ። በዚያ በተረገመ ሽታ ውስጥ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ፊታቸው ተጨማደደ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ነጠላውን ግን መልሰው አላነሡትም።